ከጓንዡ እስከ ልደታ፦ መስመሩ ሲዘጋ ሒሳቡን የሚከፍለው ነጋዴው ነው

በልደታ ማርያም አካባቢ ያለው ንግድ መልኩን ከለወጠ ሰነባብቷል። አሮጌዎቹ መንደሮች ፈርሰው በቦታቸው ኮንዶሚኒየም ከቆመና ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቀላል ባቡሩ በደጃፉ ማለፍ ከያዘ ወዲህ፣ በሕንፃዎቹ ምድር ቤት የተከፈቱት ሱቆች ስፋታቸው ጥቂት ካሬ ሜትር ቢሆንም ገበያቸው ከአብነትና ከመርካቶ አልፎ እስከ ዱባይ፣ ኢስታንቡልና ጓንዡ ተዘርግቷል። ዕቃው የሚመረጠው በስልክ ነው፤ ዋጋው የሚቆረጠው በስልክ ነው፤ የደረሰው ዕቃ ፎቶግራፍ ለደንበኛ የሚታየውም በቴሌግራም ነው። ቀደም ሲል በቴሌክስና በፋክስ ይሠራ የነበረው ሁሉ ዛሬ በአንዲት የእጅ ስልክ ውስጥ ተጠቃሏል።

ይህ ምቾት ግን ዕዳም ይዞ መጥቷል። አስመጪው የዶላሩን ምንዛሪ፣ የኮንቴይነሩን ኪራይና የጉምሩኩን ቀረጥ እስከ ሳንቲም ድረስ ያሰላል። የመገናኛ መስመሩ አንድ ቀን ቢዘጋ ምን ያህል እንደሚያጣ የሚያሰላው ግን ጥቂቱ ነው። መስመሩ ደግሞ በሁለት በኩል ይዘጋል፤ በሚጓዝበት አገር ሕግና በገዛ አገሩ ውሳኔ። በሦስተኛው በኩል ደግሞ መዘጋት በሚገባው ጊዜ ይከፈትና ሌባ ያስገባል። ነጋዴው ሦስቱንም አውቆ ካልተዘጋጀ ትርፉን የሚወስድበት ተወዳዳሪው ሳይሆን ስልኩ ይሆናል።

በቻይና የሚጠብቀው አጥር

ወደ ቻይና የሚጓዝ ነጋዴ ጓንዡ ወርዶ የሆቴሉን ዋይፋይ ሲከፍት በመጀመሪያ የሚያጋጥመው ዝምታ ነው። ቴሌግራም አይከፍትም፤ ዋትስአፕ አይልክም፤ ጂሜይል አይገባም፤ ፌስቡክና ዩቲዩብም እንዲሁ። ስልኩ የተበላሸ የሚመስለው ብዙ ነው። የተበላሸ ነገር ግን የለም። ቻይና ፌስቡክን እ.ኤ.አ. በ2009፣ ጂሜይልን በ2014 መጨረሻ፣ ቴሌግራምን በ2015፣ ዋትስአፕን ደግሞ በ2017 ዘግታለች። ከአገሪቱ ወደ ውጭ የሚወጣው የኢንተርኔት መስመር በጥቂት በሮች ብቻ የሚያልፍ ሲሆን፣ በእነዚህ በሮች ላይ የተተከለው ማጣሪያ የተከለከለውን አድራሻ እየለየ ይቆርጣል። ዓለም «ታላቁ የእሳት ግንብ» እያለ የሚጠራው ይህንኑ ነው።

ጉዳቱ በምሳሌ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። አንድ የልደታ ነጋዴ ዪዉ ገበያ ውስጥ የ40,000 ዶላር ዕቃ መረጠ ይባል። በተለመደው አሠራር 30 በመቶውን፣ ማለትም 12,000 ዶላሩን በቅድሚያ ይከፍላል፤ ቀሪው 28,000 ዶላር የመጫኛ ሰነዱ ቅጂ ሲደርስ ይከፈላል። የትኛው ቀለም በአዲስ አበባ እንደሚፈለግ የሚያውቀው ሱቅ ላይ የቀረው ወንድሙ ነው። የባንኩን ጉዳይ የምትከታተለው ባለቤቱ ናት። ትራንዚተሩም የሰነዱን ቅጂ የሚጠብቀው በዋትስአፕ ነው። ከእነዚህ ሦስት ሰዎች ጋር ለሁለት ቀን ከተቆራረጠ ወይ በግምት ይገዛል፣ ወይ የሆቴሉን አልጋ እየከፈለ ይጠብቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ጥበቃው የሚለካው በአልጋ ኪራይ ብቻ አይደለም፤ በምንዛሪው ልዩነትም ጭምር ነው።

ለዚህ ችግር ብዙዎች የሚያውቁት መፍትሔ ቪፒኤን ነው። ቪፒኤን ማለት በአጭሩ በስልኩና በሌላ አገር ባለ ኮምፒዩተር መካከል የተዘረጋ የተሸፈነ ቱቦ ነው። ማጣሪያው ቱቦውን ያያል እንጂ በውስጡ የሚያልፈውን አያነብም። ነገር ግን ቻይና ከገቡ በኋላ ቪፒኤን መፈለግ፣ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ጣሪያ መክደን ነው። የጎግል የሶፍትዌር መደብር እዚያ አይከፍትም። አፕልም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 ከቻይና መደብሩ የቪፒኤን ሶፍትዌሮችን አውጥቷል። የአብዛኛዎቹ ቪፒኤን ሻጮች ድረ ገጽም ራሱ የተዘጋ ነው። አባቶች «አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ» ያሉት እንዲህ ላለው ነው፤ የሚጫነው ሁሉ ከቦሌ ሳይነሡ ተጭኖ፣ ተሞክሮ መሄድ አለበት።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ደንብ ከተፈቀደው በር ውጭ ከዓለም አቀፍ ኢንተርኔት ጋር መገናኘት የተከለከለ ሲሆን ቅጣቱ እስከ 15,000 ዩዋን ሊደርስ ይችላል። ጠንካራው ክንድ የሚያርፈው ግን በሻጩ ላይ ነው፤ በ2017 መጨረሻ በጓንግሺ ግዛት ቪፒኤን ይሸጥ የነበረ ሰው የአምስት ዓመት ተኩል እስራትና የ500,000 ዩዋን ቅጣት ተፈርዶበታል። እንግዳ ነጋዴ በዚህ ምክንያት ሲጉላላ እምብዛም ባይሰማም፣ በሰው አገር ሕግ ላይ «እምብዛም» በሚል ቃል መተማመን የጥሩ ነጋዴ ጠባይ አይደለም።

ብዙዎች የማያውቁት መንገድ፦ ሮሚንግ

እዚህ ላይ ብዙ ተጓዥ የማያስተውለው ነገር አለ። የኢትዮጵያ ሲም ካርድ በሮሚንግ ቻይና ውስጥ ሲሠራ፣ የኢንተርኔቱ ጉዞ የሚጀምረው ከጓንዡ አይደለም። የቻይናው ኩባንያ መረጃውን ተሸክሞ ወደ ባለ ሲሙ አገር ኩባንያ ያስረክባል፤ ወደ ዓለም የሚወጣው ከዚያ ነው። ስለሆነም በሮሚንግ የተገናኘ ስልክ ጓንዡ መሐል ቆሞ ቴሌግራሙን አዲስ አበባ እንዳለ ሰው ይከፍታል። ምንም የተሰበረ ሕግ፣ የተጫነም ሶፍትዌር የለም። ለጉዞ የሚሸጡ ኢሲሞችም አብዛኞቹ በዚሁ ዘዴ በሆንግ ኮንግ ወይም በሲንጋፖር በኩል ስለሚወጡ ውጤታቸው ተመሳሳይ ነው።

ዋጋው ውድ ነው፤ ይህ አይካድም። ፊልም ለማየት ሮሚንግ መክፈት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ይሁንና ጥቂት መልእክትና ሁለት ሦስት የሰነድ ፎቶግራፍ ለመላክ የሚወጣው ወጪ በግምት ከተገዛ አንድ ካርቶን ዕቃ ኪሳራ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። ከዚህም ሌላ ባንኮች በአጭር መልእክት የሚልኩት የማረጋገጫ ቁጥር የሚደርሰው በኢትዮጵያው ሲም ነው። ሮሚንጉን ከመነሣቱ በፊት ያላስከፈተ ነጋዴ ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ እያለው ማዘዝ ሊያቅተው ይችላል።

ነገሩ ግን ሌላ ፊትም አለው። ሮሚንግ የአገርን መስመር ብቻ ሳይሆን የአገርን መዝጊያም ተሸክሞ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ የተዘጋው፣ በኢትዮጵያ ሲም ጓንዡ ላይም የተዘጋ ነው። ነጋዴውን በሁለት ግንብ መካከል የሚያስቀረው ይህ ነው።

ዱባይና ኢስታንቡል

የዱባይ ነገር ከቻይናው ይለያል። እዚያ መልእክት ይሄዳል፤ በዋትስአፕና በመሰሎቹ የሚደረግ የድምፅና የምስል ጥሪ ግን ለዓመታት ሲገደብ ኖሯል። ምክንያቱ በአብዛኛው ንግድ ነው፤ ፈቃድ ያላቸው የቴሌኮም ኩባንያዎች የጥሪ ገቢ እንዳይሸረሸር። ፈቃድ ያላቸው የጥሪ ሶፍትዌሮች አሉ፤ በክፍያ ይሠራሉ። ዴይራ ላይ ዕቃ የሚያነሣ ነጋዴ በእነዚህ መጠቀሙ ከምንም ይሻለዋል።

ምክንያቱም ሕጉ ጥርስ አለው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ቁጥር 34 የሳይበር ወንጀል ሕግ፣ ወንጀል ለመሥራት ወይም የተሠራውን ለመደበቅ የኢንተርኔት አድራሻውን የለወጠ ሰው እስራትና ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም ቅጣት እንደሚጠብቀው ይደነግጋል። ቪፒኤን በራሱ አልተከለከለም፤ ባንኮችና ኩባንያዎች ለውስጥ ሥራቸው በይፋ ይጠቀሙበታል። የተከለከለውን ጥሪ ለመጥለፍ መጠቀም ግን ከዚህ አንቀጽ ጥላ ሥር ሊገባ ይችላል። የአንድ ሙሉ ኮንቴይነር ዋጋ በሚያህል ቅጣት ላይ ነጻ ጥሪ መቆመር አያዋጣም።

የዱባይ ገበያ ሌላም ትምህርት ሰጥቷል። ጥሪ በተገደበበት በዚያ አገር «ቶቶክ» የተባለ ነጻ የጥሪ ሶፍትዌር በጥቂት ወራት ብዙ ሕዝብ አፍርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ኒውዮርክ ታይምስ ሶፍትዌሩ የመንግሥት የስለላ መሣሪያ ነው የሚል ዘገባ አወጣ፤ ጎግልና አፕልም ከመደብራቸው አወረዱት። ባለቤቶቹ ውንጀላውን አስተባብለዋል። የሆነው ሆኖ፣ ሁሉም በር ተዘግቶ አንድ ነጻ በር ብቻ ተከፍቶ ሲገኝ በረኛው ማን እንደሆነ መጠየቅ ብልኅነት ነው።

ኢስታንቡል ደግሞ የድንገተኛ መዝጊያ ከተማ ናት። ቱርክ ዊኪፔዲያን እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 ዘግታ ቆይታለች። በመጋቢት 2025 የኢስታንቡል ከንቲባ ሲታሰሩም ዋትስአፕን ጨምሮ ማኅበራዊ መገናኛዎች ለሁለት ቀን ያህል እጅግ እንዲዘገዩ ተደርጎ ነበር። ላሌሊ ላይ ልብስ ሊያነሣ የሄደ ነጋዴ ከፖለቲካው ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፤ መስመሩ የተቆረጠው ግን በእሱም ላይ ነው።

በአገር ቤት

ወደ ራስ ጓዳ ሲመለሱ ነገሩ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር የስልክ መልእክት ተዘግቶ እስከ 1999 መጨረሻ ድረስ ቆየ። በ2004 ዓ.ም. ቶር የተባለውን የማጣሪያ ማለፊያ የሚሠራው ድርጅት፣ በኢትዮጵያ መስመር ላይ የመረጃውን ውስጥ ሳይቀር የሚፈትሽ መሣሪያ ሥራ ላይ መዋሉን አስታወቀ። በሰኔ 2010 መንግሥት 264 ድረ ገጾችና የስርጭት ጣቢያዎች ተከፍተዋል ሲል ብዙው ሰው ዘመኑ ያለፈ መስሎት ነበር።

አላለፈም። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሾልኮ በመውጣቱ ተሰርዞ ስለነበር፣ በተከታዩ ዓመት በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ። በሰኔ 2011 በፈተናው ጊዜ ተዘግቶ ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ፣ ሰኔ 15 ከደረሰው የባለሥልጣናት ግድያ በኋላ እንደገና ተቆረጠ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ከዓለም ተለይታ ኖረች። በአማራ ክልልም ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ጠፍቶ ቆይቷል።

ለአዲስ አበባ ነጋዴ ግን ከሁሉም የማይረሳው የ2015ቱ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከተፈጠረው የሲኖዶስ ውዝግብ ጋር ተያይዞ የካቲት 2 ቀን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ። ውዝግቡ በዚያው ወር ረገበ፤ መዝጊያው ግን እስከ ሐምሌ 10 ቀን ቆየ። 158 ቀን መሆኑ ነው። ለምን እስከዚያ እንደዘለቀ ለነጋዴው የነገረው የለም።

ኪሳራውን በቁጥር ማስቀመጥ ይቻላል። ዴሎይት የተባለው የሒሳብና የማማከር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት፣ የኢንተርኔት ሥርጭታቸው ዝቅተኛ በሆነ አገሮች ሙሉ መዘጋት በየቀኑ ለ10 ሚሊዮን ሕዝብ 600,000 ዶላር ያህል እንደሚያሳጣ ገምቷል። ይህ ስሌት ለ100 ሚሊዮን ሕዝብ ሲወሰድ በቀን 6 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። የ2012ቱን ሦስት ሳምንት ለማስላት በ21 ቀን ሲባዛ 126 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። ስሌቱ ሻካራ ነው። ቢሆንም ለኤልሲ ማስከፈቻ ዶላር ወረፋ ይጠበቅ በነበረበት ዘመን እንዲህ ያለ ገንዘብ በዝምታ መፍሰሱ ሊያሳስብ ይገባ ነበር።

የመንግሥት ክርክር ይታወቃል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሐምሌ 2011 መጨረሻ ኢንተርኔት ውኃ ወይም አየር እንዳልሆነና ለአገር ደኅንነት ሲባል ሊዘጋ እንደሚችል ተናግረው ነበር። ሰው እየሞተ ባለበት ሰዓት የሐሰት ወሬ እሳት ላይ ቤንዚን እንደሚሆን ማንም አይክድም። ፈተና መሾለኩም እውነተኛ ችግር ነበር። ሆኖም ሚዛንም ውኃ ወይም አየር አይደለም፤ ሚዛን የሌለው ገበያ ግን ገበያ አይደለም። በገበያ መሐል ሌባ ገባ ተብሎ የሁሉም ነጋዴ ሚዛን አይሰበሰብም። ሌባው ይያዛል እንጂ።

ነጻው ቱቦ ወዴት ያደርሳል?

የ2015ቱ መዝጊያ ያላሰበውን ሌላ ውጤት አምጥቷል። ሕዝቡ መጠቀሙን አልተወም፤ ቪፒኤን ፍለጋ ወጣ። ሁሉም ከጓደኛው እየተቀበለ፣ ስሙን ሰምቶ የማያውቀውን ነጻ ሶፍትዌር ጫነ። ከዚያም በዚያው ስልክ የባንኩን ሶፍትዌር ከፈተ፤ የዕቃ አቅራቢውን ኢሜይል አነበበ፤ የፓስፖርቱን ቅጂ ላከ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ደረሰ።

ቪፒኤን መረጃን ከማጣሪያው ይሰውራል እንጂ ከቱቦው ባለቤት አይሰውርም። ስልኩ የሚሄድበትን አድራሻ ሁሉ ያ ባለቤት ያያል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአውስትራሊያው የምርምር ተቋም ሲሲሮ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት 283 የአንድሮይድ ቪፒኤኖችን መርምሮ ነበር። 38 በመቶው ጎጂ ሶፍትዌር የያዙ ሆነው ተገኙ፤ 75 በመቶው የተጠቃሚውን እንቅስቃሴ የሚከታተል የሌላ ወገን መሣሪያ ነበረባቸው፤ 18 በመቶው ጭራሹን መረጃውን አይሸፍኑም ነበር። «ሆላ» የተባለው ታዋቂ ነጻ ቪፒኤን በ2015 የተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌላ እንደሚሸጥ ተደረሰበት። የፌስቡክ ንብረት የነበረው «ኦናቮ»ም ተጠቃሚው በስልኩ የሚሠራውን እየሰበሰበ በመገኘቱ በ2018 ከአፕል መደብር ወርዷል። በንግድ ቋንቋ ሲነገር፣ ዋጋ ያልተጠየቀበት ዕቃ የሚሸጠው ገዢውን ራሱን ነው።

ከሁሉም የሚከፋው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ማጭበርበር ነው። ሌባው የነጋዴውን ወይም የአቅራቢውን ኢሜይል ሰብሮ ይገባና ዝም ብሎ ያነባል። የመጫኛ ሰነዱ ተልኮ ቀሪው 28,000 ዶላር ሊከፈል ሲል፣ በአቅራቢው ስም «ባንካችን ኦዲት ላይ ስለሆነ በዚህ አዲስ ሒሳብ ክፈሉ» የሚል ደብዳቤ ይልካል። ማኅተሙ ያው ነው፤ የኢንቮይሱ ቁጥር ትክክል ነው፤ የተለወጠው የሒሳብ ቁጥሩ ብቻ ነው። ገንዘቡ በስዊፍት ከሄደ በኋላ የሚመለሰው ከስንት አንዱ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ በዚህ ዓይነቱ ማጭበርበር እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 2.9 ቢሊዮን ዶላር እንደጠፋ የደረሱትን አቤቱታዎች ደምሮ አስታውቋል። ይህን ቪፒኤንም አያድነውም፤ የሚያድነው አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

ጉዳዩ ልደታ ችሎት የቀረበበት ጊዜ

ራስን በኢንተርኔት ላይ መጠበቅ በዚህ አገር የወንጀል ሽታ ያረፈበት ጊዜ ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ዞን 9 በሚል ስም ይጽፉ የነበሩ ጦማርያንና ሌሎች ጋዜጠኞች፣ በድምሩ 9 ሰዎች ታሰሩ። ልደታ በሚገኘው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፀረ ሽብር ሕጉ ሲከሰሱ፣ ከክሱ ዝርዝር አንዱ በኢንተርኔት ላይ ራስን ስለመጠበቅ ሥልጠና ወስደዋል የሚል ነበር። ሥልጠናው ደግሞ በዓለም ዙሪያ በይፋ የሚታደል መጽሐፍ ይዘት ነው። አምስቱ በ2007 ክረምት ክሳቸው ተቋርጦ ሲፈቱ፣ የቀሩትን አራቱን ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው።

ነገሩ የጸሐፊዎች እንጂ የነጋዴ አይደለም የሚል ይኖራል። ይሁንና የይለፍ ቃልን ማጠንከር፣ መልእክትን መሸፈን፣ የተሰረቀ ስልክን ከሩቅ መቆለፍ፣ ይህ ሁሉ ባንኮች ከሠራተኞቻቸው የሚጠይቁት ሥራ ነው። ከልደታ ችሎት ብዙም ሳይርቅ ሰንጋ ተራ ላይ የተደረደሩት የባንክ ሕንፃዎች ያለ እነዚህ ጥንቃቄዎች አንድ ቀን አያድሩም። ለባንኩ ግዴታ የሆነው ለደንበኛው ጥርጣሬ ሊሆን አይገባም።

ሕጉ በጽሑፍ ሲታይ ለነጋዴው የሚያስፈራ አይደለም። በ2008 የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 የሚቀጣው ሰብሮ መግባትን፣ መጥለፍን፣ ማጭበርበርንና የመሳሰሉትን ነው፤ ቪፒኤንን በስሙ ጠርቶ ወንጀል አላደረገም። በ2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የጎደለው ሌላ ነው፤ መስመር ማን ይዘጋል? በምን ሥልጣን? ለስንት ቀን? ለእነዚህ ለነጋዴው በግልጽ የተነገረ መልስ የለም።

ከነጋዴው ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ወደ ቻይና የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት ሮሚንጉን ያስከፍት ወይም የጉዞ ኢሲም ይግዛ፤ ዊቻትንም እዚሁ ይጫን። አቅራቢዎቹ የሚሠሩት በእሱ ነው። ዊቻት ላይ የሚጻፈውን ግን ኩባንያው ሊያየው እንደሚችል አውቆ፣ የዋጋ ምስጢሩንና የባንክ ሰነዱን እዚያ አያስቀምጥ።

ሁለተኛ፣ ቪፒኤን የሚያስፈልገው ሰው ዋጋ ከፍሎ፣ ባለቤቱ የሚታወቀውን፣ በውጭ ኦዲተር የተመረመረውን ይያዝ። ሁለት ዓይነት ቢይዝ ደግሞ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይደርስለታል። የሚሄድበትን አገር ሕግም አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ በአየር ማረፊያና በሆቴል ዋይፋይ የባንክ ሥራ አይሥራ፤ ስልኩ «ይህ ገጽ አያስተማምንም» ሲለው ችላ ብሎ አይለፍ። ኢሜይሉንና ቴሌግራሙን በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይቆልፍ። የሚቻል ከሆነ ሁለተኛ፣ ርካሽ ስልክ ለጉዞ ይያዝና የቤተሰቡንና የሒሳቡን ሁሉ ይዞ አይዙር።

አራተኛ፣ የሒሳብ ቁጥር ተለወጠ የሚል መልእክት ከመጣ፣ ደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን ቀድሞ በሚያውቀው ቁጥር ደውሎ ከሚያውቀው ሰው አፍ ይስማ። ድምፅ ሳይሰማ ገንዘብ አይልቀቅ።

አምስተኛ፣ አገር ውስጥ መስመር ሲቋረጥ ለሚሆነው ይዘጋጅ። የደንበኞቹ ስልክ ቁጥር ቴሌግራም ውስጥ ብቻ ካለ፣ ቴሌግራም የተዘጋ ዕለት ደንበኞቹም አብረው ይዘጋሉ። በደብተር ይመዝግብ። ቴሌብር በ*127#፣ ንግድ ባንክም በ*889# ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠሩ ብዙ ሰው ዘንግቷል። በ2011 አጭር መልእክትም ጭምር ስለተቋረጠ ግን፣ ከሁሉም በላይ ከአቅራቢውና ከትራንዚተሩ ጋር «መስመር ቢጠፋ በዚህ ቀን እንዲህ አድርግ» የሚል ስምምነት አስቀድሞ በወረቀት ይያዝ።

ከመንግሥትስ?

ነጋዴው ይህን ሁሉ አድርጎም ብቻውን አይዘልቀውም። በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የቴሌኮም ገበያውን እንዲቆጣጠር ነው የተቋቋመው። ከመስከረም 2015 አንሥቶ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሮ ገበያው ሁለት ሻጮች አሉት። ነገር ግን መስመር ሲዘጋ ሁለቱም የሚዘጉ ከሆነ ውድድሩ ለነጋዴው መሸሸጊያ አይሆነውም። መዝጊያ የግድ ነው ከተባለ በጽሑፍ ይታዘዝ፤ ምክንያቱና የሚያበቃበት ቀን ይነገር፤ የባንክና የክፍያ መስመር ይለይ፤ ከፍሎ ያልተጠቀመበት የኢንተርኔት ጥቅል ይመለስለት ወይም ይራዘምለት። ይህ ከማንም አገር የተለየ ቅንጦት አይደለም። ኤሌክትሪክ አቋራጩም መብራት ከማጥፋቱ በፊት ማስታወቂያ ሲያወጣ ይታያል።

መንግሥት የውጭ ባለሀብት እየጋበዘ፣ ከጥር 2017 ጀምሮም የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ከፍቶ ባለበት በዚህ ወቅት፣ ገበያው የሚቆመው በመረጃ ላይ መሆኑን የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። ዋጋ የሚታይበት መስኮት በማንኛውም ማለዳ ሊዘጋ የሚችል ከሆነ፣ ገንዘቡን የሚያፈሰው ሰው ይህንን አደጋ አስልቶ ከሚሰጠው ዋጋ ላይ ይቀንሳል። የ158 ቀኑ መዝጊያ የተናደደ ሕዝብ ዝም አላሰኘም፤ የልደታን ባለ ሱቅ ግን ከማያውቀው ቱቦ ጋር አወዳጅቶ፣ የባንክ ምስጢሩን ለማያውቀው ሰው አሳልፎ እንዲሰጥ ዳርጎታል። በሩ ሲዘጋ መስኮት መፈለግ የሰው ጠባይ ነው። መንግሥት በሩን ክፍት በማድረግ፣ ነጋዴውም የቤቱን ቁልፍ በእጁ በመያዝ እያንዳንዱ የየድርሻውን ቢወጣ፣ ሌባው ብቻ ነው የሚከስረው።